ሰማይ የሆነው ቀበሮ

ተረት ልንገራችሁ፤ የበረቱን በር እናንተ ክፈቱ።

ድሮ በአንድ ጫካ የሚኖሩ እንስሳትን ንግግር የማሳመር አባዜ ያዛቸው። አባዜውን ያመጣባቸው ሰው መንደር ሰንብቶ የተመለሰው ዝንጀሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአንበሳ ችሎት የሚቆም ሁሉ በዘይቤ ካልተናገረ አይደመጥም ተባለ። ነገሩን እንደወረደ የተናገረ አፉ ውስጥ ሣር ይወተፍበታል። ቅጣቱን የወደደችው አህያ ብቻ ነበረች፤ በየጊዜው ብቅ እያለች፣ “ዛሬ ማክሰኞ ነው” ትል ነበር።

አንድ ቀን ቆቅ ቀበሮን ከሰሰች። ከጎጆዋ እንቁላል የተረፉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ እነሱንም ባሏ ታቅፎ ቀርቷል።

“በላ ልበልሃ!” ብላ ተነሣች። “ጌታዬ፣ ይህ ቀበሮ እንቁላሎቼን በላብኝ።”

“ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ዘይቤ ነው?” አለ ዝንጀሮ።

“ዘይቤ አይደለም፤ እንቁላል ነው። ቅርፊቱ ይኸው ጢሙ ላይ አለ።”

ችሎቱ በሣቅ አውካካ። ሣር ተወተፈባት።

ቀበሮ ጢሙን እንኳ ሳይጠርግ ተነሣ። “ጌታዬ ሆይ፣ እንቁላሎቹ ከዋክብት ናቸው፤ ሆዴ ደግሞ የሌሊት ሰማይ። ኮከብ ሰማይ ገባ ተብሎ ክስ አለ?”

“ተለዋጭ ዘይቤ!” ብሎ ዝንጀሮ ተገለባበጠ።

“እንደ ማር ወለላ ነው!” አለ ከርከሮ።

“እሱ ተነጻጻሪ ነው!”

“ኧረ ሞትኩ! ሺህ ጊዜ ሞትኩ!” አለ ጅብ እንባውን እየጠረገ።

“ግነት!”

ቀበሮ አንገቱን ሰበረ። “ታዲያ ሁለት ኮከቦች መሬት ላይ ቀርተዋል። ሰማይ ጎዶሎ ሆኖ ይደር?”

አንበሳ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። “አይደርም። ሁለቱም ይሰጡት።”

ቆቅ ሣሩን ተፋችው። ቀና ብላ አንበሳን አየችው፤ ከጠዋት ጀምሮ ችሎት ተቀምጦ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቋል።

“ተረትቻለሁ ጌታዬ” አለች። “እውነትም ቀበሮ ሰማይ ነው። ሰማይ ግን ወንድም አለው? ደም መላሽ ዘመድ አለው? እርስዎ ደግሞ ንጋት ነዎት። ንጋት የሌሊቱን ሰማይ ከዳር እስከ ዳር ቢውጠው ማን ይከሰዋል?”

ችሎቱ አበደ። ዝንጀሮ “ተለዋጭ በተለዋጭ ላይ!” እያለ ከተቀመጠበት ድንጋይ ወደቀ። አንበሳ ከንፈሩን ላሰና ተነሣ።

“ኧረ ጎበዝ!” አለ ቀበሮ። “እኔ ቀበሮ ነኝ! ተራ ቀበሮ! የበላሁትም እንቁላል ነው!”

“ሰማዩ ተናገረ!” አለ ዝንጀሮ እያጨበጨበ። “ይህ ሰውኛ ይባላል። እንዴት ያምራል!”

“ምኑ ያምራል? እየበላኝ እኮ ነው!”

“ምጸትም አለበት።”

ነጋ።

አንበሳ መዳፉን ላሰና ወደ ቆቅ ዞረ። “እመት ቆቅ፣ አንደበትሽ ይጣፍጣል። ነገም ነይልን፤ በቁርስ ሰዓት።”

ሁሉም በእግራቸው ቆመው አጨበጨቡ። ቆቅ እጅ ነሥታ በርራ ወጣች።

ባሏ ከጎጆው አንገቱን አሰገገ። “እህስ፣ ፈረዱልሽ?”

“የለም፣ አጨበጨቡልኝ” አለች። “እንቁላሎቹን ያዝና ከዚህ አገር እንውጣ።”