የበርጫው መሐንዲስ

በርጫ ላይ ሰፈር ሠርታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ በየቀኑ እንሠራለን። ድሬዳዋ ጫፍ ያለው ሰፈራችን ከምሳ በኋላ ጫቱ ተቅሞ ምርቃናው ሲመጣ ፎቅ በፎቅ ይሆናል፤ ሲመሽ ሁላችንም ወደ ቆርቆሮ ቤታችን እንገባለን። ዋናው መሐንዲስ ጎረቤቴ ጀማል ነው። ጠዋት ባጃጅ ይነዳል፤ ከሰዓት ግን እሱን የሚያህል ከንቲባ ከየት ይመጣል?

አንድ ቀን፣ በየክረምቱ ቤታችን የሚገባውን ጎርፍ የሚያስወጣ ቦይ በአየር ላይ ሲነድፍልን ቆየና ብድግ አለ።

"ወሪያ፣ ወሬ ይብቃን! አካፋ አምጡ!"

የመረቀነ ሰው እምቢ ይላል እንዴ? ወጥተን መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቅነው።

በማግስቱ የጀማል ባጃጅ መውጫ አጣች።

"የቱ እብድ ነው የቆፈረው?" አለ ዓይኑን እያሸ።

ልንደፍነው ስንል ሚስቱ ዘሃራ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ብቅ አለች።

"የደፈነ ምሳ የለውም!"

ምን እናድርግ? ቁፋሮውን ጨረስነው፤ መሻገሪያም ሠራንለት። ዝናቡ ሲመጣ ጎርፉ በቦዩ ሄደ፤ እኛም ፍራሻችን ሳይርስ አደርን።

ሰሞኑን ጀማል በርጫ ላይ መናፈሻ መንደፍ ጀምሯል። ዘሃራም አካፋዎቹን በሩ ላይ ደርድራለች።