የወንዙ ገጽ ዘውድ ስለ መሆኑና ስላለመሆኑ

የኖርደርፌን የሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር መደበኛ ወርኃዊ ስብሰባ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ማርች 13 ቀን 2025
ቦታ፦ «ጥቁሯ ዳክዬ» መጠጥ ቤት፣ የኋላው ክፍል
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከምሽቱ 1፡30

የተገኙ፦
1. አቶ ሃርም ኡፈን፣ ሊቀመንበር
2. አቶ ኡቦ ሬዴኒዩስ፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር፣ የመተዳደሪያ ደንቡ አርቃቂ
3. አቶ ፎኮ ታሜና፣ የማኅበሩ ስብስብ ጠባቂ
4. ወይዘሮ ሂስከ ኦልትማንስ፣ አባል
5. ጌሼ ማይንደርስ፣ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ ሁለት አባላት ለዕረፍት ማዮርካ ደሴት ናቸው። አንዷ ጉልበታቸውን ቀዶ ሕክምና ተደርገዋል። አቶ ዊርትየ ሳተሆፍ ባለፈው መኸር ቢያርፉም የመልቀቂያ ደብዳቤ ስላላስገቡ አባልነታቸው እንደጸና ነው።

ከዘጠኝ አባላት አምስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ደንቡ ስብሰባ በማኅበሩ ደወል እንዲከፈት ያዛል። ደወሉ ተፈልጎ ስላልተገኘ ሊቀመንበሩ የሻይ ስኒያቸውን በማንኪያ መትተው ከፍተዋል። ተቃውሞ አልቀረበም።

አጀንዳ 1፦ ስለ አዲሱ የዛርላንድ መታሰቢያ የሁለት ዩሮ ሳንቲም መልክ

ሊቀመንበሩ ሳንቲሙ ወንዙ ዞሮ ወደመጣበት የሚመለስበትን ትልቁን መታጠፊያ እንደሚያሳይ ገልጸው አስተያየት ጋብዘዋል።

ወይዘሮ ኦልትማንስ ማጉያ መነጽራቸውን አውልቀው «ይሄ ወንዝ ነው? እኔ የበግ አንጀት መስሎኝ ነበር» ብለዋል። አቶ ሬዴኒዩስ ንግግሩ ከደረጃ በታች መሆኑን ጠቅሰው፣ ይሁን እንጂ እሳቸውም በመጀመሪያ ያሰቡት አንጀት እንደነበር አምነዋል። ሊቀመንበሩ ወንዙ በሚቀጥለው እትም ትንሽ ቀና እንዲል ለሚመለከተው ክፍል ደብዳቤ ይጻፍ የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። አቶ ታሜና ወንዙ የምር እንደዚያ የተጣመመ መሆኑን፣ ከሟች ባለቤታቸው ከኢምከ ጋር ከኮረብታው ላይ ሆነው እንዳዩት፣ ሳንቲሙም ያዩትን እንደሚመስል ተናግረዋል። ሊቀመንበሩ «ታዲያ ያኔ መጣመሙን ለአገሩ ሰዎች አልነገርካቸውም?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ከረዥም ውይይት በኋላ፣ አንድ ምርጥ ስድስት ውድቀት በሆነበት መመዘኛ፣ ሳንቲሙ አራት እንዲያገኝ ተወስኗል። አቶ ታሜና አንድ ሰጥተዋል። ድምፃቸው በተናጠል እንዲመዘገብ ስለጠየቁ ተመዝግቧል።

አጀንዳ 2፦ ከገበያ አዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ስለመጣ ደብዳቤ

ደብዳቤው በንባብ ተሰምቷል። ሥራ አስኪያጁ የማኅበሩ አባላት የገበያ ጋሪዎችን የሳንቲም ማስገቢያ (ጋሪ የሚፈታው ሳንቲም ሲከተትበት ነው፤ ሲመለስ ሳንቲሙ ይወጣል) በማጉያ መነጽርና በባትሪ መመርመር እንዲያቆሙ፣ በተለይም ጋሪ እየገፉ ያሉ ደንበኞችን ማስቆም እንዲተዉ ይጠይቃል።

አቶ ሬዴኒዩስ ያስቆሟቸው አንድ ደንበኛ ብቻ መሆናቸውን አስረድተዋል። ወይዘሮ ኦልትማንስ «እኔን ነው ያስቆመው» ብለዋል።

የይቅርታ ደብዳቤ እንዲጻፍ ተወስኗል።

አጀንዳ 3፦ ስለ አቶ ፎኮ ታሜና ከማኅበሩ መሰናበት

ሐሳቡን ያቀረቡት አቶ ሬዴኒዩስ ናቸው። እንዳብራሩት፣ ሳንቲሙ ከሚመታባቸው አምስት ከተሞች የመጡት አምስቱም ዓይነቶች፣ እያንዳንዱ የከተማውን ፊደል ይዞ፣ ለፋሲካ በመንደሩ የቁጠባ ባንክ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ለሕዝብ ሊታዩ ነበር። አሁን ሳንቲሞቹ የሚሰኩበት ሰሌዳ ላይ አራት ሳንቲምና አንድ ባዶ ቀዳዳ አለ። የጎደለው የሐምቡርግ ነው፤ «ጄ» ያለበት፤ የራሳችን አካባቢ።

አቶ ታሜና ሳንቲሙ ከጠፋ በኋላ የሰጡት ቃል በንባብ ተሰምቷል። ባለፈው ስብሰባ ሰሞን ከባንክ ተቀብለውት ገና ሽፋን ሳያለብሱት ኮት ኪሳቸው ውስጥ እንደነበር፣ መነጽራቸውን ረስተው ገበያ ሲሄዱ ጋሪ ውስጥ ሳይከቱት እንዳልቀሩ፣ ሲወጡም ዝናብ ስለነበር አንዲት ሴት ጋሪውን ከእጃቸው ተቀብላ በውስጡ ላለው ሳንቲም ምትክ ሁለት ባለ አንድ ዩሮ ሳንቲሞች እንደሰጠቻቸው ይገልጻል።

አቶ ሬዴኒዩስ አንቀጽ 7ን አንብበዋል፦ «የመታሰቢያ ሳንቲምን እንደ ገንዘብ የተጠቀመ አባል ይሰናበታል።»

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ንግግር በሊቀመንበሩ ትእዛዝ ቃል በቃል ተይዟል።

አቶ ሬዴኒዩስ፦ «እርስዎ ሳንቲሙን ሰጥተው በምትኩ ሁለት ዩሮ ተቀብለዋል ወይስ አልተቀበሉም?»
አቶ ታሜና፦ «ከመቼ ወዲህ ነው እርስዎ የሆንኩት?»
አቶ ሬዴኒዩስ፦ «ጥያቄው ይመለስልኝ።»
አቶ ታሜና፦ «አንደኛ ክፍል አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን እርሳሴን ትሰርቀኝ አልነበር እንዴ?»
አቶ ሬዴኒዩስ፦ «እርሳሱ አጀንዳ አልተያዘም።»

ወይዘሮ ኦልትማንስ ሰውየው ኢምከን ከቀበሩ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ከዚህ ሌላ የት እንደሚሄዱ ጉባኤው እንዲጠይቅ አሳስበዋል። ተጠይቀው «የትም» ሲሉ መልሰዋል። ከዚያም ማንኪያቸውን ስኒያቸው ውስጥ አስገብተዋል። ማንኪያ የገባበት ስኒ ሻይ ስለማይጨመርበት አስተናጋጇ ስዋንትየ አልፋቸው ሄዳለች።

ድምፅ ተሰጥቷል። ጉዳዩ የሚመለከታቸው አቶ ታሜና አልመረጡም። ይሰናበቱ፦ አቶ ሬዴኒዩስና ሊቀመንበሩ። ሊቀመንበሩ «ደንብ ደንብ ነው፤ ምን ላድርግህ ፎኮ» ብለዋል። ይቆዩ፦ ወይዘሮ ኦልትማንስና ጸሐፊዋ። ድምፅ እኩል ተከፍሏል።

አንቀጽ 12 ድምፅ እኩል ሲሆን ሳንቲም እንዲወረወር፣ ዘውድ ከወጣ የቀረበው ሐሳብ እንዲጸድቅ፣ ጎፈር ከወጣ እንዲወድቅ ያዛል።

ወይዘሮ ኦልትማንስ በሁለት ዩሮ ላይ ዘውድም ጎፈርም እንደሌለ፣ ያለው በአንድ ወገን ሥዕል በሌላው ወገን ካርታና ቁጥር ብቻ መሆኑን አመልክተዋል። አቶ ሬዴኒዩስ ይህ ጥያቄ እንዲነሳ ሠላሳ ዓመት ሲጠብቁ እንደኖሩ ተናግረው ቆመዋል። ባቀረቡት ማብራሪያ ሥዕል ያለበት ገጽ፣ ንጉሥ ኖረበት ወንዝ፣ ምንጊዜም ዘውድ ነው። ወይዘሮ ኦልትማንስ «ባዶ ሆድህን ከሆንክ የምታየው ቁጥሩን ነው፤ ስለዚህ ፊቱ ቁጥሩ ነው» ብለዋል። አቶ ሬዴኒዩስ ይህ የገበያተኛ አነጋገር ነው ብለዋል። ወይዘሮ ኦልትማንስ ገበያተኛ መሆናቸውንና ጋሪያቸውን እየገፉ ሳሉ በማጉያ መነጽር መመርመራቸውን አስታውሰዋል።

ከረዥም ውይይት በኋላ ጉዳዩ ለድምፅ ቀርቧል። ጥያቄው የማንም ሰው ጉዳይ ሳይሆን የሳንቲም ዕውቀት ስለሆነ አቶ ታሜናም እንዲመርጡ ተፈቅዷል። ወይዘሮ ኦልትማንስና ጸሐፊዋ ተቃውመዋል። ሊቀመንበሩ፣ አቶ ሬዴኒዩስና አቶ ታሜና ደግፈዋል። ወይዘሮ ኦልትማንስ «ፎኮ! ከሚያሰናብትህ ሰው ጋር እኮ ነው የመረጥከው» ሲሉ ጮኸዋል። አቶ ታሜና «ኡቦ ልክ ነዋ፤ ምን ላድርግ?» ብለዋል።

በሦስት ድጋፍና በሁለት ተቃውሞ የሥዕሉ ገጽ ዘውድ እንዲሆን ተወስኗል። አቶ ሬዴኒዩስ የውሳኔው ቅጂ እንዲሰጣቸው ጠይቀዋል።

ቀጥሎ የሚወረወር ሳንቲም ተፈልጓል። ስለ ሳንቲም በተሰበሰበው ጉባኤ መካከል ሊወረወር የሚችል አልተገኘም። ወይዘሮ ኦልትማንስ የያዟቸው ሁለት ሳንቲሞች መታሰቢያ ነበሩ። ሊቀመንበሩ አንድ ተራ ሳንቲም ነበራቸው፤ በመነጽር ሲያዩት ግን ሲመታ የተሳሳተና ለሰብሳቢ ብርቅ የሆነ ስለመሰላቸው መልሰው ከተውታል። በመጨረሻ ስዋንትየ ከጉርሻ ብርጭቆዋ አንድ ባለ ሁለት ዩሮ ሳንቲም አውጥታ ለሊቀመንበሩ ሰጥታለች። እንዳይመረምሩትና አሁንም እንዳይዘገይ ወይዘሮ ኦልትማንስ ስላስጠነቀቁ ሳይታይ ተወርውሯል።

ሊቀመንበሩ ሲቀልቡ ስቷቸዋል። ሳንቲሙ ወለሉን ተሻግሮ ከትልቁ የወርካ ቁምሳጥን ሥር ገብቷል።

ከጉባኤው ጉልበታቸው የሚታጠፍ አቶ ታሜና ብቻ በመሆናቸው፣ የራሳቸው ጉዳይ ቢሆንም፣ ባትሪና ማጉያ መነጽር ይዘው በደረታቸው ገብተዋል። ለጥቂት ጊዜ የሚታየው እግራቸው ብቻ ነበር። ከዚያ ከውስጥ «ጄ ነው! ኡቦ፣ ጄ ነው! የዛርላንዱ!» የሚል ድምፅ ተሰምቷል።

ሳንቲሙን በመሐረብ ይዘው ወጥተዋል። ስዋንትየ ተጠይቃ «አቶ ታሜና ራሳቸው ናቸው ባለፈው ስብሰባ ማግስት ሻይ ጠጥተው የተዉልኝ። ሲያብለጨልጭ ለመልስ ልሰጠው አሳዘነኝ። የጠፋባችሁ እሱ ነው እንዴ? ምነው አንዳችሁም ሳትጠይቁኝ!» ብላለች። በዚህም ጋሪው ንጹሕ መሆኑ ተረጋግጧል።

ሊቀመንበሩ ሳንቲሙ ሲገኝ የትኛው ገጽ ወደ ላይ እንደነበር ጠይቀዋል።

አቶ ታሜና፦ «ፊደሉ ወደ እኔ ያይ ነበር።»

ፊደሉ የሚገኘው በወንዙ ገጽ ላይ መሆኑን ጉባኤው ያውቃል።

ወይዘሮ ኦልትማንስ፦ «አንተ ሰውዬ፣ አላየሁም ብትል ምን ነበረበት?»
አቶ ታሜና፦ «አየሁ እኮ።»

ሊቀመንበሩ፣ ዘውድ ስለወጣ፣ የአቶ ታሜና መሰናበት መጽደቁን ለማስታወቅ ስኒያቸውን በማንኪያ መትተዋል። አቶ ታሜና ሳንቲሙን ቀዳዳው ውስጥ አስገብተው ሰሌዳውን ከአቶ ሬዴኒዩስ ፊት ካስቀመጡ በኋላ ኮታቸውን አንስተዋል። አቶ ሬዴኒዩስ ሰሌዳውን ተመልክተው ሳንቲሙ ከጠርዙ በላይ ትንሽ መጫሩን አስመዝግበዋል። ቀጥለው ሊቀመንበሩ የያዙትን ማንኪያ ተመልክተዋል። ከዚያ ሥነ ሥርዓት እንዲከበር ጠይቀዋል።

አጀንዳ 4፦ በአቶ ሬዴኒዩስ በድንገት የተያዘ

አቶ ሬዴኒዩስ በደንቡ መሠረት ስብሰባ የሚከፈተው በደወል እንደሆነ፣ የዛሬው ግን በማንኪያ እንደተከፈተ፣ ስለዚህ እንዳልተከፈተ፣ ባልተከፈተ ስብሰባ ላይም ምንም እንዳልተወሰነ አስረድተዋል።

ሊቀመንበሩ፦ «ሁሉም ይሰረዛል ማለትህ ነው?»
አቶ ሬዴኒዩስ፦ «ሁሉም።»
ሊቀመንበሩ፦ «ዘውዱም?»

አቶ ሬዴኒዩስ መልስ ከመስጠታቸው በፊት የውሳኔውን ቅጂ ከኪሳቸው አውጥተው አንብበውታል። ለጸሐፊዋ መልሰውም «ዘውዱም» ብለዋል።

አቶ ታሜና፣ ለእሳቸው ሲባል ከሆነ፣ የዘውዱ ውሳኔ እንዳይነካ፣ ትክክለኛ ውሳኔ እንደሆነ ተናግረዋል። አቶ ሬዴኒዩስ በዚህ ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» ብለው፣ «አንተ ደረቅ፣ ቁጭ በል» ብለዋል። አቶ ታሜና ተቀምጠዋል።

ወይዘሮ ኦልትማንስ ስብሰባው ካልተከፈተ የመሰረዙ ውሳኔስ እንዴት ሊጸና እንደሚችል ጠይቀዋል። ሊቀመንበሩ «ሂስከ፣ በፈጠረሽ ዝም በይ» ብለዋል።

በሙሉ ድምፅ የሚከተለው ተወስኗል፦ በዚህ ምሽት የተወሰነው ሁሉ፣ የወንዙ ገጽ ዘውድነት፣ የአቶ ፎኮ ታሜና መሰናበት፣ ለገበያ አዳራሹ የሚጻፈው ይቅርታና ለሳንቲሙ የተሰጠው አራት ጭምር፣ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል። ደወሉን ፈልጎ የማግኘት ኃላፊነት ለአቶ ታሜና ተሰጥቷል። የሚያስረክቡትም በሚቀጥለው ወር፣ ሐሙስ፣ እዚሁ ነው።

ያልተከፈተው ስብሰባ ከምሽቱ 4፡10 ተዘግቷል። አቶ ታሜና ማንኪያቸውን ከስኒው አውጥተዋል። ስዋንትየ ሻይ ቀድታላቸዋለች።

ጌሼ ማይንደርስ፣ ጸሐፊ