የክቡር ድሬሰር ከፈለ ጣት

በየሰፈሩ «አላውቅም» የምትል ቃል ካፉ ወጥታ የማታውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ለኛ ሰፈር የደረሰን የክሊኒኩ ቁስል ጠራጊና መርፌ ወጊ፣ ክቡር ድሬሰር ከፈለ ነው። ጋምቤላ ክልል ሆነች ተብሎ ቢሮ እንደ አሸን ከፈላ ወዲህ፣ አዲሱ ኃላፊ ወንበሩን ሳያሞቅ ሥራውን የሚያስረዳው እሱ ነው። አውሮፕላን ከዘገየም ምክንያቱን ከፓይለቱ ቀድሞ ይናገራል።

ሐሜት አይሁንብኝና፣ አንድ ነገር ግን የእውነት ያውቃል። ወባ ያደረቀውን ሕፃን ክንድ በጠቋሚ ጣቱ ዳበስ ዳበስ አድርጎ፣ ሌላው ያጣውን ደም ሥር ያገኛል። ክሊኒኩ ግሉኮስ ሊሰጥ ሲል «ከፈለን ጥሩት!» ነው።

ያቺኑ ጣት ነው እንግዲህ የባሮ ወንዝ ዓሣ ሲበልት ለቢላዋ ያስበላት። ቁስሉ ዳነ፤ ጣቷ ግን በድን ሆና ቀረች።

«ዕድሜ ነው፣ ሺታዬ» አለኝ እኔን ጎረቤቱን። «ነርቭ የሚያድግበት የራሱ ምግብ አለው። የልጅ ነርቭ ምግቡ ገና ሲሸተው ይሮጣል። የሽማግሌው ግን ምግቡ ቀርቦለትም፣ መቀበያው ስለደከመ ቶሎ አይነሳም። ይነሳል ግን!»

«እንዳንተው ነዋ! ሦስቴ ካልተለመነ እጁን የማይታጠብ። ማነው ደግሞ ይህን የነገረህ?»

«ለሥልጠና የመጣ ዶክተር። ሁለት ቦታ ተሳስቶ አርሜዋለሁ።»

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ፈተና ሆነ። ዓይኑን ይጨፍናል፤ እኔ ጣቱን በዶሮ ላባ ወይ በበቆሎ ፍሬ እነካለሁ።

«ላባ!»

«በቆሎ ነው።»

«እሸት ስለሆነ ነዋ፤ ይለሰልሳል!»

በቆሎው እኮ ጥርስ ይሰብራል።

በሦስተኛው ወር «ድኛለሁ፣ ሰኞ ሥራ እገባለሁ» ብሎ አወጀ። እኔ የሰው ልጅ ክንድ ላይ መርፌው ሲባክን ታየኝ። ቅዳሜ ዓይኑን ሲጨፍን፣ እጄን ጭኔ ላይ አጣጥፌ ቁጭ አልኩ።

«ላባ!» አለ፣ ኮራ ብሎ።

«አልነካሁህም፣ ከፈለ።»

ዓይኑን ገለጠ። እጄን አየ።

«እስቲ ድገሚው» አለና መልሶ ጨፈነ። በእሾህ ጫፍ ነካሁት።

«አላውቅም» አለ።

ሰኞ ክሊኒክ ሄደ፤ ጣቱን ግን ኪሱ ከቶ። አቻን የምትባል አዲስ ነርስ አጠገብ ቆሞ፣ «ቸኮልሽ! ዓይንሽን ተዪው፣ በጣትሽ ዳብሺ። ያቺ የምትነጥረዋ ናት» እያለ፣ የሰፈራችንን ሰው የኦሉምን ልጅ ደም ሥር በሷ ጣት አገኘው። አሁን ማስተማር ሆኗል ሥራው፤ አለቃውንም ጨምሮ።

ትናንትም ለፈተናው መጣ። ዶሮዬ ጭራዋ አልቆ ራሰ በራ መስላለች፤ ላባ ከየት ላምጣ? እሱ እንደሆን ዓይኑን ጨፍኗል፤ ባለኝ ነገር ነካሁት።

«ጠበቅ አድርጊው እስቲ» አለኝ።

ጠበቅ አደረግኩት።

«አንድ ነገር አለ» አለ ቀስ ብሎ። «ይሞቃል። ምን እንደሆነ ግን አላውቅም።»

እጄ ነበር። አልነገርኩትም፤ እንደጨፈነ ትንሽ ይቆይ ብዬ።