የደቡብ ዋልታዋ ደሴት ስም አወጣጥ

አገር የሌለው ሰው ለአገር ስም ቢያወጣ የሚመሰገን እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. ለንደን፣ ሆሎዌይ ውስጥ በአንድ ኪራይ አዳራሽ የተሰበሰበው የስደተኞች ማኅበራችን ይህን ታሪካዊ ግዳጁን በቆራጥነት ተወጥቷል።

የዕለቱ አጀንዳ ኂሩት ነበረች። ከደርግ አምልጣ በሱዳን በኩል ከመጣች ገና ሳምንቷ ነው፤ ማደሪያ የላትም። ሻንጣዋን አቅፋ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ገና ስሟ ሳይነሣ ግን ጂኦግራፊ የሚያጠናው ሳህሉ ብድግ አለ።

«ጓዶች፣ አስቸኳይ ጉዳይ አለ! በደቡብ ዋልታ ባሕር ላይ ስም የሌላት የበረዶ ደሴት ታይታለች። እዚሁ ለንደን ያለ አንድ የካርታ መሥሪያ ቤት የስም ሐሳብ ይቀበላል።»

ሊቀ መንበራችን ጋሽ ዘውዴ የታሪክ ጥሪ ወዲያው ተሰማቸው።

«እንግዲያው የኂሩት ጉዳይ ይደር» አሉ።

ማደሪያ የሌለውን ሰው ጉዳይ እንዲህ በቀላሉ የሚያሳድር መሪ በየዘመኑ አይገኝም።

ደረጄ የሚባለው ጸሐፊያችን «የሰፊው ሕዝብ ደሴት ትባል!» አለ።

«ሕዝቡ እነማን ናቸው?» አለች ኂሩት።

«ፔንግዊኖች።»

«ተጨቁነዋል?»

«ገና አልተጠናም።»

ሳህሉ በበኩሉ «የሰማዕታት ደሴት» ካልተባለች ሞቼ እገኛለሁ አለ። ደረጄ «አድርባይ!» አለው፤ እሱም «አድኃሪ!» ሲል መለሰለት። ማኅበሩ እዚያው ለሁለት ተከፈለ። አዳራሹን መክፈል ስላልተቻለ ግን ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን ሁለት ስብሰባ ቀጠልን።

አዳራሹን ልትዘጋ የመጣችው ጃማይካዊት ሴትዮ ኂሩትንና ሻንጣዋን አየች። ሴትዮዋ ርዕዮተ ዓለም አላነበበችም፤ ስለዚህ ሻንጣውን አነሣችና ልጅቱን ወደ ቤቷ ወሰደቻት።

ሁለቱ ወገኖች የየራሳቸውን ስም አስገብተው ሲጠባበቁ ከረሙ። በመጨረሻ ሳህሉ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄዶ ጠየቀና አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

«ደሴት አልነበረችም» አለ። «ተንሳፋፊ የበረዶ ክምር ናት። ማዕበል ወስዷታል።»

ሐዘኑ ሁለቱን ወገኖች አስታረቀ። ጋሽ ዘውዴ እንባቸውን ጠርገው የጋራ የአቋም መግለጫ አሰሙ፦

«ደሴቲቱ በዚህ ወሳኝ ሰዓት አገሯን ጥላ በመኮብለሏ በጥብቅ እናወግዛታለን!»

ከመካከላችን ድንበር አቋርጦ ያልመጣ ሰው ስላልነበረ ጭብጨባው ከልብ ነበር። ወሬውን ሰምታ የመጣችው ኂሩት ብቻ አላጨበጨበችም።

«ምነው ልጄ?» አሏት ጋሽ ዘውዴ።

«የት ተጠግታ ይሆን ብዬ ነው፣ ጋሼ» አለቻቸው።