ለሁለት የተቋጠረ ምሳ

አስተማሪው፦ ጥላው ወደዚህ ነው የሚዞረው እያልኩህ።

ልብስ ሰፊው፦ እሺ።

አስተማሪው፦ እሺ ካልክ ለምን አትነሳም? ትንሽ ቆይተህ ፀሐይ ላይ ትቀራለህ።

ልብስ ሰፊው፦ (ፎጣው ላይ እንደተጋደመ) አሁን ጥላ ውስጥ ነኝ።

አስተማሪው፦ አሁንማ ነህ። እኔ የምልህ ወደፊት ስለሚሆነው ነው።

ልብስ ሰፊው፦ አንተ ግን ፀሐይ ላይ ነህ።

አስተማሪው፦ እየጠበቅኩት ነዋ። ይመጣል።

ጥላው አልመጣም። ሁለቱ ሰዎች ያሉት ከትልቁ ደሴት ፊት ለፊት በምትገኝ፣ ጥቂት የኮኮናት ዛፍና ብዙ አሸዋ ባላት ሚጢጢ ደሴት ላይ ነው። ጠዋት አንድ ባለጀልባ አምጥቶ አወረዳቸውና ተመልሶ ሄደ። ሚስቶቻቸው "እናንተ ቅደሙ፣ እኛ እንከተላችኋለን" ብለው ነበር። ይኸው ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች፣ የተከተለ ሰው ግን የለም።

አስተማሪው የሚያስተምረው መኪና መንዳት ነው። ዕድሜውን የገፋው ከተማሪ ጎን ተቀምጦ፣ ከእግሩ ሥር የራሱ ፍሬን ተገጥሞለት፣ ሰው ገና ሳያጠፋ በማረም ነው። ችግሩ ከመኪናው ሲወርድም ማረሙን አለመተዉ ነው። ማታ ቤቱ ገብቶ ሚስቱ ሽንኩርት ስትከትፍ ካገኛት ቢላዋውን ዘንበል እንድታደርግ ይነግራታል። በር ስትቆልፍ ቁልፉን እንዴት እንደምታዞር ያሳያታል። ክፋት የለበትም፤ ሲያርም የሚወድ ነው የሚመስለው።

ልብስ ሰፊው ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ መርፌ በከንፈሩ ይዞ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ አፍ መክፈት አደጋ እንዳለው ያምናል። ጥያቄ ከጠየቅከው መልሱ ሲደርስህ ጥያቄውን ረስተኸዋል። አስተማሪው ከልቡ ይወደዋል፣ የሠርጉም ሚዜ እሱ ነበር፤ ነገር ግን ለሰው ሲያስተዋውቀው "ልቡ ንጹሕ ነው፣ ሞተሩ ብቻ ሳይሞቅ አይነሳም" ሳይል አያልፍም።

ወደዚህ ባሕር የመጡት አስተማሪውና ሚስቱ የተጋቡበትን ሃያኛ ዓመት ለማክበር ነው። ሚስቱ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። ያለ ሚዜ በዓል አይደምቅም ብለው ልብስ ሰፊውንና ፀጉር ሠሪ ሚስቱን አስከትለዋል።

አሁን አስተማሪው ሴቶቹ የዘገዩበትን ምክንያት ደርሶበታል። ባለጀልባው ጠዋት የሞተሩን ገመድ ሲስብ በክርኑ ነበር የሚስበው፤ በክርኑ የሚስብ ሰው ደግሞ ይዋል ይደር እንጂ ሞተር ማነቁ አይቀርም። ይህን ለልብስ ሰፊው በሰፊው አስረዳው፤ አሸዋው ላይ በእንጨት ሥዕል ሥሎም አሳየው። ልብስ ሰፊው ሥዕሉን አየና ዓሣ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ።

አስተማሪው፦ ይሄኔ ምሳውንም ሙቀት አበላሽቶታል።

ልብስ ሰፊው፦ ምሳው እኔ ጋ ነው።

[ከቦርሳው ዳቦ በእንቁላል የተጠቀለለባቸው ሁለት ወረቀቶች ያወጣል።]

አስተማሪው፦ ይሄ ሁለት ነው።

ልብስ ሰፊው፦ አዎ፣ ሁለት ነው።

አስተማሪው፦ እኛ ስንት ነን?

ልብስ ሰፊው፦ (ዙሪያውን አይቶ) ሁለት።

አስተማሪው፦ እነሱ ሲመጡስ?

ልብስ ሰፊው፦ ከመጡ አራት።

አስተማሪው፦ ጎበዝ። ስለዚህ ስንት ምሳ መያዝ ነበረብህ?

ልብስ ሰፊው፦ (ጥቂት አስቦ) ሁለት።

አስተማሪው ፈተና ደጋግሞ ለወደቀ ተማሪ የሚያሳየውን ፈገግታ አሳየው። ይህ ሰው ሱሪ ሲሰፋ ስንት እግር እንደሚያስፈልግ እንዴት ያስታውሳል ብሎ በልቡ ተገረመ። ርቦት ስለነበር ግን ነገሩን ትቶ በላ። በልቶ ሲጨርስ ልብስ ሰፊው ከደረት ኪሱ አንዲት ኪኒን አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት።

አስተማሪው፦ ይሄ የእኔ የግፊት መድኃኒት ነው።

ልብስ ሰፊው፦ ከምግብ በኋላ ነው የሚዋጠው።

አስተማሪው፦ መቼ እንደሚዋጥማ አውቃለሁ። አንተ ጋ ምን ይሠራል?

ልብስ ሰፊው፦ ጠዋት ሚስትህ ሰጠችኝ። ከቆቡ ጋር።

አስተማሪው፦ ከየትኛው ቆብ?

[ልብስ ሰፊው የአስተማሪውን ቆብ ከቦርሳው ያወጣል።]

አስተማሪው፦ እና አናቴ እስኪላጥ ፀሐይ ላይ ስቀመጥ ዝም ብለህ ታየኛለህ?

ልብስ ሰፊው፦ ጥላው ይመጣል ስትለኝ ነዋ።

አስተማሪው ቆቡን አናቱ ላይ ደፍቶ ማሰብ ጀመረ። ምሳ ለሁለት። መድኃኒት፣ ቆብ፣ ሁሉም ታስቦበት የተቋጠረ። ጀልባው አልተበላሸም ማለት ነው። ሴቶቹ ሊመጡም አላሰቡም። ሁለት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ከተመላለሰ በኋላ ድንገት ቆመ፤ ፊቱም በራ።

አስተማሪው፦ ገባኝ።

ልብስ ሰፊው፦ (ተነሥቶ እየተቀመጠ) ገባህ?

አስተማሪው፦ ሁሉም ነገር። አንተን ምንም አልነገሩህም፣ አይደል? ድሮስ ለአንተ ምን ብለው ይነግሩሃል። ግብዣ እያዘጋጁልኝ ነው። እኔ ካለሁ ፊኛው በየት እንደሚሰቀል፣ ኬኩ እንዴት እንደሚቆረጥ ስነግራቸው ምሥጢሩ ስለሚወጣ ከዚያ አራቁኝ።

ልብስ ሰፊው ሊናገር አፉን ከፈተ፤ መልሶ ግን ዘጋው። አስተማሪው ቀድሞ ሄዷል። ሚስቱ እንዲህ ዓይነት ነገር ታስባለች ብሎ ጠርጥሮ እንደማያውቅ፣ ሁልጊዜ ዝምተኛ እንደሆነች፣ ዝምታዋ ውስጥ ግን ምን ያህል ፍቅር እንዳለ እያነሣ አወራ። ስለ መጀመሪያ ቤታቸውም ነገረው። አንዲት ክፍል ነበረች፤ ዝናብ ሲመጣ አልጋውን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ሲገፉ ያድሩ ነበር። እሱ "ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ" ሲል እሷ በሳቅ እየፈረሰች ትገፋ ነበር። ከዚያ ለማታው የሚሆን ንግግር ማዘጋጀት እንዳለበት ትዝ አለው።

አስተማሪው፦ (ቆቡን ደረቱ ላይ አድርጎ) "ውድ ባለቤቴ ሆይ፣ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ እጅሽን ሳልለቅ መንገዱን መራሁሽ።" እንዴት ነው?

ልብስ ሰፊው፦ "መራሁሽ" የምትለዋን ተዋት።

አስተማሪው፦ ለምን?

ልብስ ሰፊው፦ ትጠብባለች። ትከሻ ላይ ትይዛለች።

አስተማሪው ይህን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ይልቅ ሌላ ጭንቀት መጣበት፤ ሲገቡ መደንገጥ አለበት። ካልደነገጠ ድካማቸው ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ከኮኮናቱ ዛፍ ጀርባ ሄዶ ብቅ አለ፤ ዓይኑን አፈጠጠ፣ እጁን ደረቱ ላይ ጣለ፣ ትንሽም ወደ ኋላ ተንገዳገደ። አልጣመውም። ተመለሰና እንደገና ብቅ አለ። በሦስተኛው እንባ ጨመረበት።

ልብስ ሰፊው እስከዚህ ድረስ ሁሉንም ችሎ ነበር። የሰውየውን እንባ ግን አልቻለም።

ልብስ ሰፊው፦ ና ተቀመጥ።

አስተማሪው፦ እንባው በዛ?

ልብስ ሰፊው፦ ግብዣ የለም።

አስተማሪው፦ እንዳትናገር አስምለውሃል ማለት ነው። አይዞህ፣ አላወጣብህም።

ልብስ ሰፊው፦ የለም እያልኩህ ነው። ለሃያኛ ዓመታችን ምን ላድርግልሽ ብለህ ጠይቀሃታል?

አስተማሪው፦ ጠይቄያታለሁ። "ምንም" አለችኝ።

ልብስ ሰፊው፦ እኔም ጠየቅኳት። ሚዜ አይደለሁ። "አንድ ቀን ሳልታረም ልዋል" አለችኝ።

[አስተማሪው ቆቡን በእጁ እንደያዘ ይቀመጣል።]

ከዚያ በኋላ ልብስ ሰፊው በሕይወቱ ተናግሮት የማያውቀውን ያህል ተናገረ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ስፌት እንደሚፈታ ሰው ቀስ እያለ ነበር። ትናንት ሚስትየዋ ባሕር ስትገባ አስተማሪው ከዳር ቆሞ እጅሽን ዘርጊ፣ አገጭሽን አንሺ እያለ ሲጮኽ፣ ፀጉሯ እንኳ ሳይረጥብ መውጣቷን ነገረው። ራት ላይ የዓሣው አጥንት እንዴት እንደሚወጣ ሲያሳያት ዓሣው እንደቀዘቀዘ ነገረው። ጀንበር ስትጠልቅ ልታይ ወጥታ፣ ሰማይ ለምን እንደሚቀላ ማብራሪያው ሲያልቅ ጀንበሯ ገብታ እንደነበር ነገረው። በመጨረሻ፣ እኔ ይዤው ልዋልልሽ ብያት ነው የመጣሁት አለ።

አስተማሪው መጀመሪያ ተቆጣ። ከጓደኛው ይልቅ ለሚስቱ የሚወግን ሚዜ አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ልብስ ሰፊው አልመለሰለትም። ሰው ካልመለሰልህ ደግሞ ቁጣ ብዙ አይራመድም። አስተማሪው አንድ ነገር ትዝ አለው። ሚስቱ ድሮ ልብስ ስትተኩስ የምታንጎራጉራት ዜማ ነበረች። አንድ ቀን ዜማዋን አበላሸሽው ብሎ አስተካከለላት። ከዚያ ወዲህ ስታንጎራጉር ሰምቶ ያውቅ እንደሆነ አሰበ፤ አሰበ፤ አላገኘም። ደረቱን አንድ ነገር ያዘው፤ ግፊት ነው እንዳይል መድኃኒቱን ውጧል።

አስተማሪው፦ ስንት ዓመት ሙሉ አንተን ዘገምተኛ ነው እያልኩ ለሰው አወራሁ።

ልብስ ሰፊው፦ ሰምቻለሁ።

አስተማሪው፦ ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ለምን አልመለስክልኝም?

ልብስ ሰፊው፦ እያሰብኩበት ነበር።

ሁለቱም ሳቁ፤ አስተማሪው ግን ቶሎ አቆመ።

ፀሐይዋ ስትበርድ ጀልባው ሁለቱን ሴቶች ይዞ መጣ። የአስተማሪው ሚስት ፀጉሯ እስከ ሥሩ ርሷል፣ አፍንጫዋ በፀሐይ ቀልቷል፣ ሸሚዟን ገልብጣ ለብሳለች። አስተማሪው ሸሚዙን አየ። ምንም አላለም። እጇን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ። ባለጀልባው የሞተሩን ገመድ በክርኑ ሳበ። አልነሣም። ደግሞ ሳበ። አስተማሪው ሁለት እጆቹን ጭኖቹ ሥር ከቶ ወደ ባሕሩ ዞረ።

ሚስት፦ ምን ሆነሃል?

አስተማሪው፦ ምንም አልሆንኩ።

ሚስት፦ ሞተሩ አልነሣ አለው እኮ።

አስተማሪው፦ ያውቅበታል። ሥራው ነው።

ሚስት፦ (ወደ ልብስ ሰፊው ዞራ) ምን አደረግከው?

ልብስ ሰፊው፦ ነገርኩት።

እሷ አቀርቅራ ጉርድ ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን አሸዋ ማራገፍ ጀመረች። ሞተሩ ተነሥቶ ጀልባዋ ውኃውን ከያዘች በኋላ ነው ስለ ውሎዋ የነገረችው። እንደፈለገች እየተንቦጫረቀች ዋኘች፤ ጨው ውኃም ጠጣች። ዓሣ ከነአጥንቱ በላች። ወንበር ላይ ተኝታ አፏን ከፍታ አንቀላፋች። ደስ ብሏት እንደዋለች አልደበቀችም። ከሰዓት በኋላ ግን አንድ እንግዳ መኪናውን ወደ ኋላ ሲያሽከረክር ካረፉበት ሆቴል የአበባ መደብ ላይ ወጥቶ ቁጭ አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን "አየኸው?" ልትል ዞር ብላ ባዶ ወንበር አገኘች።

ሚስት፦ ሳቁ አፌ ላይ ቀረ።

አስተማሪው፦ አንድ ነገር ልበል?

ሚስት፦ አንድ ብቻ።

አስተማሪው፦ እርጥብ ፀጉር ያምርብሻል።

እሷ "ግን" የምትለዋን ቃል ጠበቀች። ቃሏ አልመጣችም። ሌላም ትንሽ ጠበቀችና ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች።

ልብስ ሰፊው ይህን ሁሉ ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ ተቀምጦ ያያል። በዕድሜው እንዲህ ኮርቶ አያውቅም። ደረቱን ነፋ፤ ከወትሮው በተለየ ሳይጠየቅም ተናገረ።

ልብስ ሰፊው፦ (ለሚስቱ) ቀኑን ሙሉ እኔ ባልይዘው ኖሮ ይሄ ነገር አይሆንም ነበር።

ፀጉር ሠሪዋ፦ እውነት ነው። እሱም አንተን ባይዝልኝ አይሆንም ነበር።

ልብስ ሰፊው፦ እኔን?

የአስተማሪው ሚስት፦ ነገሩን ያቀደችው እሷ ናት እኮ።

ፀጉር ሠሪዋ፦ እሷ ከሚናገር ባል አንድ ቀን ማረፍ አማራት፤ እኔ ከማይናገር። ሁለታችሁን አንድ ላይ ብናውላችሁ ትካካሳላችሁ አልን።

[ልብስ ሰፊው ሚስቱን ያያል፤ አስተማሪውን ያያል፤ ባሕሩን ያያል።]

ልብስ ሰፊው፦ ታዲያ እንዲህ መሮሽ ከሆነ ለምን አልነገርሽኝም?

ፀጉር ሠሪዋ፦ ነግሬህ ነበር። ገና ከቤት ሳንወጣ። እስካሁን መልስህን እየጠበቅኩ ነው።

[ልብስ ሰፊው ያስባል። ጀልባዋ ትሄዳለች።]