ጓንት ለክቶ ስለመግዛት

ሰው ከሩቅ የሚሸምተው በአገሩ ያጣውን ብቻ አይመስለኝም፤ ጎረቤቱ እንዳያይበት የሚፈልገውንም ነው። መርሳ ውስጥ አንድ ኪሎ ሙዝ ገዝተህ ቤትህ እስክትደርስ፣ መንገደኛው ሁሉ ማን እንደታመመብህ ይጠይቅሃል። እንዲህ ባለ ከተማ የበረኛ ጓንት በምስጢር የሚገዛው በምን ተአምር ነው?

እኔ የመምህራን ቡድን በረኛ ነኝ። እሁድ ከነጋዴዎቹ ጋር ስንገጥም ጎል ከገባብኝ፣ ቦታዬን ለኬሚስትሪ መምህሩ እንደምለቅ ባልደረቦቼ በትሕትና አስታውቀውኛል። ጓንት ያስፈልገኝ ነበር። በሰፈራችን የስፖርት ዕቃ የሚሸጡት ደግሞ ጋሽ እንድሪስ ናቸው፤ የነጋዴዎቹ አጥቂ። ጦር ሜዳ የሚወርድ ሰው ጋሻውን ከጠላት ይገዛል?

ስለዚህ በቴሌግራም አዘዝሁ። ፎቶው ላይ ጓንቱ የአንበሳ መዳፍ ያክል ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አንድ የሚኒባስ ሹፌር ከወልዲያ ያመጣልኝን ጥቅል ስፈታው ግን የሕፃን ጓንት ወጣ፤ ከሁለት ጣት በላይ አያስገባም። ደወልሁ። ትናንት "የኔ ጌታ" ሲለኝ የነበረው ሻጭ ስልኩን ዘግቷል።

አንገቴን ደፍቼ ጋሽ እንድሪስ ሱቅ ሄድሁ። የሕፃኑን ጓንት አዩና ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። ልኬን መርጠው አጠለቁልኝ፤ ሳይሞከር ግን አልሸጥም አሉ። ደጃፋቸው ላይ በቆመ ባጃጅና በሽንኩርት ጆንያ መካከል አቁመውኝ ኳስ ይለጉብኝ ጀመር። ገበያተኛው መሸመቱን ትቶ ዳኛ ሆነ። በቀኝ የመጣውን ሁሉ እንደ ነብር እየዘለልሁ ያዝሁ፤ ሽንኩርት ሻጯ እልል አሉልኝ። በግራ የመጣውን ግን፣ ግራ ጉልበቴ መውደቅ ስለማይወድ፣ በዓይኔ ብቻ ሸኘሁት።

"አብሽር መምህር፣ ጓንቱ ገና አልለመደህም" አሉኝ ጋሽ እንድሪስ በአዘኔታ። "እስቲ በግራ ድገመው።"

ደገምነው፤ ሠለስነው። ለደንበኛው እንዲህ የሚጨነቅ ነጋዴ በየትኛው ቴሌግራም ይገኛል? ኢንተርኔትን እየረገምሁ፣ የሰፈሬን ሱቅ እየመረቅሁ ቤቴ ገባሁ።

እሁድ እስከ መጨረሻው ባዶ ለባዶ ቆየን። ተከላካዮቻችን በእኔ ስለማይተማመኑ ኳሷን ወደ ጎሌ አላስጠጓትም። መገባደጃው ላይ ነጋዴዎቹ ፍጹም ቅጣት ምት አገኙ። ኳሱን አመቻችተው ያስቀመጡት ጋሽ እንድሪስ ናቸው። ቀና ብለው አዩኝና በፍቅር ፈገግ አሉ። በየት በኩል እንደገባ መናገር ያስፈልጋል? የኬሚስትሪ መምህሩ ከመስመር ውጭ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ።

ጨዋታው ሲያልቅ ጋሽ እንድሪስ እያለከለኩ መጡ። እጄን ይዘው ጓንቱን እያገላበጡ መረመሩት።

"ካልፈለግኸው ነገ መልሰው፣ እቀበልሃለሁ" አሉኝ። "ወላሂ፣ ዛሬ ኳስ አልነካውም።"