ፊት መርማሪዋ አከራይ

«የማን ልጅ ነሽ?» ሳይሉ ሰላምታ የማይጨርሱ ሰዎች አያጋጥሟችሁም? እነዚህ ሰዎች በደማችን ውስጥም አሉ! በሽታ ተከላካዮቹ አንቲቦዲ ይባላሉ። አንዳንዱ አንቲቦዲ ሁለት ፕሮቲኖች ለየብቻ ቢመጡ ዘወር ብሎ አያያቸውም፤ ተገጣጥመው ሲቆሙ ግን ወዲያው ያውቃቸዋል። ይባስ ብሎ በቤተ ሙከራ የሰውን ፕሮቲን እንዲለይ የተሠራው፣ መልካቸው ተመሳስሎበት የላምንም «አወቅሁት!» ይላል።

የኔዋ አንቲቦዲ እትዬ ብርቄ ናቸው። ከስማዳ ለትምህርት ንፋስ መውጫ መጥቼ የሚከራይ ክፍል ስጠይቃቸው፣ ግንባሬንና አፍንጫዬን በደንብ መርምረው «ፀጉረ ልውጥ አላስገባም!» አሉኝ። የቀረኝ የእሳቸው ቤት ብቻ ነበር፤ እሱ ካልሆነ ትምህርቱን ትቼ ስማዳ ወዳለችው ከተማችን ወገዳ መመለሴ ነው።

ይኼኔ ፍራሽ ተሸክማ ወደኋላ የቀረችው እህቴ ደርሳ አጠገቤ ቆመች። እትዬ ብርቄ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

«ውይ! የእስቴ አገር ዘመዶቼ አይደላችሁም እንዴ?»

«ኧረ እትዬ፣ እኛ የስማዳ...»

«ዝም በይ! ይኼን ግንባር እኔ ላጣው?»

እህቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። እኔም ስማዳነቴን ዋጥ አድርጌ ቁልፉን ተቀበልኩ፤ ሰኞ ጠዋት ትምህርት ክፍል ውስጥ ነበርኩ።